ሪፖርቱ የሚለውና ቆጣሪው የሚቆጥረው፦ የቴሌኮም ዘርፍ የካርቦን ቅነሳ የት ደረሰ?

የሞባይል ኦፕሬተሮች ዓለም አቀፍ ማኅበር ጂ.ኤስ.ኤም.ኤ እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ ኦፕሬተሮች ከራሳቸው ሥራ የሚለቁት የካርቦን መጠን ከ2019 እስከ 2023 ድረስ በ8 በመቶ ቀንሷል። በእነዚሁ ዓመታት የሞባይል መስመሮች ቁጥር በ9 በመቶ ጨምሯል፤ በኔትወርኮቹ የተላለፈው ዳታ ደግሞ አራት እጥፍ ሆኗል። ሥራው በዚህ ፍጥነት እየሰፋ ልቀቱ የወረደለት ዘርፍ ብዙ ስለሌለ ውጤቱ ሊናቅ አይገባም።

ጭንቀቱ የሚመጣው ቁጥሩን ከግቡ ጋር ስናስተያይ ነው። ዘርፉ በ2019 ለራሱ ያስቀመጠው ግብ በ2050 የተጣራ ዜሮ ልቀት ላይ መድረስ ነው። በ2020 መጀመሪያ ላይ የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ከጂ.ኤስ.ኤም.ኤ እና ከሌሎች አጋሮች ጋር ባወጣው መመሪያ ደግሞ፣ ከ2020 እስከ 2030 ባሉት ዓመታት የሞባይል ኦፕሬተሮች ቢያንስ 45 በመቶ፣ የመደበኛ መስመር ኦፕሬተሮች 62 በመቶ፣ የዳታ ማዕከላት 53 በመቶ መቀነስ ይጠበቅባቸዋል። ጂ.ኤስ.ኤም.ኤ ራሱ እንዳሰላው፣ ግቡ ላይ ለመድረስ እስከ 2030 በየዓመቱ በአማካይ 7.5 በመቶ መቀነስ ያስፈልጋል። በአራት ዓመት 8 በመቶ የቀነሰ ዘርፍ ከእንግዲህ ያንን ያህል በየዓመቱ መቀነስ አለበት ማለት ነው። (ከዚህ በታችም፣ የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑ ካልተገለጸ በቀር፣ ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታዲያ ቀላሉ ክፍል አልቋል ወይስ ገና ነው? ይህን ለመመለስ እስካሁን የተቀነሰው ምን እንደሆነ መመርመር ያስፈልጋል።

ቅነሳው ከየት መጣ?

የኩባንያዎች ልቀት በሦስት ምድብ ይመዘገባል። ስኮፕ 1 ኩባንያው ራሱ የሚያቃጥለው ነው፦ የጄኔሬተር ናፍጣ፣ የመኪና ነዳጅ፣ ከማቀዝቀዣ የሚያፈተልክ ጋዝ። ስኮፕ 2 ገዝቶ የሚጠቀመው ኤሌክትሪክ ሲመነጭ የተለቀቀው ነው። ስኮፕ 3 የቀረው ሁሉ ነው፦ የሚገዛቸው መሣሪያዎች ሲመረቱ፣ የሚሸጣቸው ስልኮች ሲሠሩና ደንበኛው ቤት ሲሰኩ፣ በኪራይ የሚጠቀምባቸው የአንቴና ማማዎች ሲንቀሳቀሱ የሚለቀቀው። ከላይ የተጠቀሰው የ8 በመቶ ቅነሳ ስኮፕ 1ን እና 2ን ብቻ ይመለከታል።

ከእነዚህ ከሁለቱ ደግሞ አብዛኛው ለውጥ የመጣው ከስኮፕ 2 ነው። መረጃቸውን ይፋ የሚያደርጉ ኦፕሬተሮች ከሚጠቀሙት ኤሌክትሪክ ውስጥ ከታዳሽ ምንጭ የተገዛው በ2019 ከነበረበት 13 በመቶ በ2023 ወደ 37 በመቶ አድጓል። በአውሮፓ የኦፕሬተሮቹ ልቀት በእነዚህ ዓመታት ከግማሽ በላይ የወረደው በዚህ የተነሳ ነው። ለምሳሌ ቮዳፎን ከሐምሌ 2021 ጀምሮ በአውሮፓ የሚጠቀመውን ኤሌክትሪክ ሙሉ በሙሉ በታዳሽ ኃይል ግዢ አዛምዷል። በቻይና ግን የድንጋይ ከሰል ድርሻ ትልቅ የሆነበት የኤሌክትሪክ መስመር ላይ እጅግ ብዙ የአምስተኛው ትውልድ (5ጂ) ጣቢያዎች ስለተተከሉ የዓለም አማካይ ወደ ታች እንዳይወርድ ገድቦታል። የዓለምን ቁጥር የሚወስነው ቻይና ውስጥ የሚሆነው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ የሒሳብ አሠራር አለ። ስኮፕ 2 በሁለት መንገድ ይሰላል። አንደኛው አካባቢን መሠረት ያደርጋል፦ መሣሪያው የተሰካበት መስመር ላይ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ሲመነጭ በአማካይ የሚለቀቀው ካርቦን ይወሰድና በፍጆታው ይባዛል። ሁለተኛው ገበያን መሠረት ያደርጋል፦ ኩባንያው የታዳሽ ኃይል የምስክር ወረቀት ወይም የረጅም ጊዜ የኃይል ግዢ ውል ካለው፣ ለዚያ መጠን ዜሮ ይመዘገብለታል። በዓመት 1,000 ጊጋዋት ሰዓት የሚጠቀምና በኪሎዋት ሰዓት 400 ግራም በሚለቅ መስመር ላይ ያለ ኦፕሬተር እንውሰድ። በመጀመሪያው ስሌት ልቀቱ 400,000 ቶን ነው። ለሙሉው ፍጆታ የምስክር ወረቀት ከገዛ በሁለተኛው ስሌት ዜሮ ይሆናል። ማማዎቹ ግን ትናንት የበሉትን ኃይል ዛሬም ይበላሉ።

ይህ ማለት የታዳሽ ኃይል ግዢ ባዶ ነው ማለት አይደለም። ለ10 ወይም ለ15 ዓመት የተፈረመ ውል አዲስ የነፋስ ወይም የፀሐይ ማመንጫ በባንክ ብድር እንዲሠራ ዋስትና ይሆናል፤ ያለ ውሉ ማመንጫው ላይሠራ ይችላል። ከዓመታት በፊት ከተገነባ ግድብ የተገዛ ርካሽ የምስክር ወረቀት ግን በአየሩ ላይ የሚያመጣው ለውጥ የለም። ሁለቱም በሪፖርቱ ላይ እኩል ዜሮ ሆነው ይታያሉ። ስለዚህ የኩባንያ ሪፖርት ሲነበብ ሁለቱንም የስኮፕ 2 ስሌቶች ጎን ለጎን መፈለግ ይገባል። በገበያ ስሌት 80 በመቶ ቀንሶ በአካባቢ ስሌት ያልተንቀሳቀሰ ኩባንያ ግዢውን አሻሻለ እንጂ ኔትወርኩን አላሻሻለም።

ከሪፖርቱ ጀርባ ያለው ትልቁ ክፍል

የአብዛኞቹ ኦፕሬተሮች ትልቁ ልቀት ስኮፕ 3 ውስጥ ነው፤ በደካማ መረጃ የሚሰላውም እሱ ነው። የተለመደው ዘዴ ለዕቃ የወጣውን ገንዘብ በአንድ የልቀት መጠን ማባዛት ነው። ዘዴው ለመነሻ ይጠቅማል፤ ሆኖም ኩባንያው ከአቅራቢው ጋር ተከራክሮ ዋጋ ካስቀነሰ ልቀቱም የቀነሰ ይመስላል፤ የዕቃ ዋጋ ከናረ ደግሞ አንድም አንቴና ሳይጨመር ልቀቱ ያደገ ይመስላል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ በኋላ የኢትዮጵያ ኩባንያ ወጪውን በብር እየያዘ በዚህ ዘዴ ቢያሰላ፣ ቁጥሩ የሚነግረን ስለ ምንዛሪው እንጂ ስለ ካርቦኑ አይሆንም። መፍትሔው ቢያንስ ለትልልቆቹ ዕቃዎች፣ ማለትም ለሬዲዮ መሣሪያ፣ ለባትሪ፣ ለማማ ብረትና ለስልክ፣ ከአቅራቢው በቁራጭ ወይም በኪሎ የተሰላ የልቀት መረጃ በግዢ ውሉ ውስጥ አስገድዶ መጠየቅ ነው።

ቤት ውስጥ ያለውን የኢንተርኔት ራውተር እንመልከት። 10 ዋት ይበላል፤ ሌሊትም ቀንም አይጠፋም። በዓመት 87.6 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። አንድ ሚሊዮን ራውተር ያከፋፈለ ኦፕሬተር ደንበኞቹ ቤት ውስጥ 87.6 ጊጋዋት ሰዓት ይበላለታል፤ ሒሳቡን የሚከፍለው ደንበኛው ነው፤ ኩባንያው በራሱ ቆጣሪ ላይ አያየውም። የስማርት ስልክ ታሪክ ደግሞ ተቃራኒ ነው፦ ከዕድሜ ልክ ልቀቱ አብዛኛው የሚወጣው ሲመረት እንጂ ቻርጅ ሲደረግ አይደለም። ስለዚህ ስልኩን ሁለት ዓመት ጨምሮ መጠቀም፣ ባትሪውንና ስክሪኑን መቀየር የሚያስችል የጥገና አገልግሎት ማደራጀት፣ ታድሶ የተመለሰ ስልክ መሸጥ ከማናቸውም የቻርጀር ማሻሻያ በላይ ይሠራል።

ኢንዱስትሪው "የእኛ አገልግሎት ሌሎች ዘርፎች እንዲቀንሱ ያደርጋል" የሚል ስሌትም ያቀርባል። ስብሰባ በቪዲዮ ሲሆን ጉዞ እንደሚቀር የታወቀ ነው። ያም ሆኖ የሌላውን ቅነሳ ከራስ ልቀት ላይ መቀነስ ትክክል አይደለም።

ኤሌክትሪኩ የት ይሄዳል?

የሞባይል ኔትወርክ ከሚበላው ኃይል ውስጥ ከሦስት አራተኛ የማይርቀው የሚሄደው በየማማው ላይ ወዳለው የሬዲዮ ክፍል ነው። ከሬዲዮው ውስጥ ደግሞ ትልቁን የሚወስደው ምልክቱን የሚያጎላው አምፕሊፋየር ነው። በሙሉ ጭነት ሲሠራ ከሚወስደው ኃይል ግማሽ ያህሉን ወደ አየር ይልካል፤ የቀረው ሙቀት ይሆናል። ጭነቱ ሲቀንስ ግን ፍጆታው በዚያው ልክ አይወርድም። ማንም የማይደውልበት የሌሊት ሰዓት ላይ ያለ ጣቢያ ቀን ከሚበላው ብዙም ያልተናነሰ ይበላል። የዘርፉ ትልቁ ብክነት ይህ ነው።

የአራተኛው ትውልድ ጣቢያ ተጠቃሚ ባይኖርም በየሚሊሰከንዱ መለያ ምልክት ስለሚልክ አምፕሊፋየሩ ማረፊያ አያገኝም። አምስተኛው ትውልድ ሲነደፍ ይህ ታስቦበታል፤ ጣቢያው መኖሩን የሚያሳውቀው በተለመደው አሠራር በየ20 ሚሊሰከንዱ ነው፤ በመካከሉ መተኛት ይችላል። በ2024 የተጠናቀቀው 18ኛው የሞባይል ኔትወርክ ዓለም አቀፍ የቴክኒክ ደረጃ እትም ደግሞ ለኔትወርክ ኃይል ቁጠባ ራሱን የቻለ ክፍል አለው። ሆኖም 64 ማሰራጫና 64 መቀበያ ያለው አንድ የአምስተኛው ትውልድ አንቴና በከፍተኛ ጭነት ወደ 1,000 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ በአንድ ማማ ሦስት አንቴና ይሰቀላል። በአንድ ጊጋባይት ሲሰላ አዲሱ ከአሮጌው እጅግ ይሻላል፤ በወር የቆጣሪ ንባብ ሲታይ ግን አዲሱ በአሮጌው ላይ ተጨምሮ ፍጆታው ያድጋል። ኩባንያዎች የሚያወሩት ስለ መጀመሪያው ነው፤ ከባቢ አየሩ የሚያውቀው ሁለተኛውን ነው።

ለዚህም ነው አሮጌ ኔትወርክ መዝጋት ከሶፍትዌር ማስተካከያ በላይ ውጤት ያለው። ጀርመን ሦስተኛውን ትውልድ በ2021 ዘግታለች፤ የአሜሪካ ትልልቅ ኦፕሬተሮች በ2022 ጨርሰዋል። ቴሌፎኒካ በስፔን የመዳብ ስልክ መስመሩን ዘግቷል። ሁለተኛውን ትውልድ መዝጋት ግን ይከብዳል፤ በአውሮፓ አሳንሰሮችና ከ2018 ወዲህ የወጡ መኪኖች የአደጋ ጥሪ በእሱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ በአፍሪካ ደግሞ ባለ ቁልፍ ስልክ የያዘው ገበሬ አለ። በእኛ አካባቢ የሚያዋጣው ሦስተኛውን ዘግቶ ሁለተኛውን በጠባብ ድግግሞሽ ከአራተኛው ጋር በአንድ ሬዲዮ ማሠራት ነው። አሮጌው ካቢኔት ከነማቀዝቀዣው ካልተነሳ ግን ቁጠባው በወረቀት ይቀራል፦ ብዙ ቦታ አገልግሎቱ ተዘግቶ ካቢኔቱ እየሞቀ ይቆያል።

ጭነቱ ሲቀንስ የጣቢያውን ክፍሎች የሚያጠፉት የእንቅልፍ ሶፍትዌሮች ከ5 እስከ 15 በመቶ የሚደርስ ቁጠባ ያመጣሉ። ብዙውን ጊዜ የሚከሽፉት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው በሰዓት መታሰራቸው ነው። ተጨማሪው ድግግሞሽ ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ይጥፋ ተብሎ ከተሞላ፣ ሕዝቡ ሌሊቱን በቤተ ክርስቲያን አድሮ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ "እንኳን አደረሳችሁ" ለማለት በሚደውልበት በፋሲካ ሌሊት ኔትወርኩ ይታነቃል። ማግሥቱን ቅሬታ ይመጣል፤ ማስተካከያው በመላው ከተማ ይጠፋና በዚያው ይረሳል። መጥፊያውና መብሪያው በሰዓት ሳይሆን በጭነት መወሰን አለበት፤ በሁለቱ መካከልም ክፍተት መተው ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ ጭነቱ ከ10 በመቶ ሲወርድ ጠፍቶ 30 በመቶ ሲደርስ እንዲበራ። አለዚያ ጣቢያው በየደቂቃው ሲጠፋና ሲበራ ያድራል። ሁለተኛው ምክንያት የሥራ ምዘና ነው። የኔትወርክ መሐንዲሱ የሚመዘነው በተቋረጠ ጥሪ ብቻ ከሆነና የኃይል ሒሳቡ የሌላ ክፍል ከሆነ፣ እንቅልፉን የሚያበራበት ምክንያት የለውም።

ከሶፍትዌሩ በፊት ሊሠሩ የሚገባቸው ደረቅ ሥራዎችም አሉ። ሬዲዮው ማማው ሥር ካለ ክፍል ውስጥ ሆኖ ምልክቱ በወፍራም ኬብል ወደ ላይ በሚወጣበት አሮጌ ሳይት (የማማ ቦታ) ከ2 እስከ 3 ዴሲቤል ኬብሉ ላይ ይቀራል፤ 3 ዴሲቤል ማለት ግማሹ ኃይል ነው። ሬዲዮውን አንቴናው አጠገብ ሰቅሎ በፋይበር ማገናኘት ይህን ያስቀራል። 90 በመቶ ብቃት ያለውን አሮጌ ሬክቲፋየር (ተለዋዋጩን ኤሌክትሪክ ለመሣሪያው ወደ ቀጥተኛ የሚቀይረውን) በ96 በመቶው መተካት በ2 ኪሎዋት ጭነት በዓመት ወደ 1,200 ኪሎዋት ሰዓት ያድናል። ማቀዝቀዣውን ከ22 ዲግሪ ወደ 28 ወይም 30 ማንሳት ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም። እንዳይነሳ የሚያደርገው ብዙውን ጊዜ የእርሳስ ባትሪው ነው፤ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ባትሪውን ለብቻው በትንሽ ሣጥን ማቀዝቀዝ፣ ወይም ወደ ሊቲየም መቀየር፣ ክፍሉን ሁሉ ማቀዝቀዝ አላስፈላጊ ያደርገዋል። በደጋው የውጭ አየር በቀጥታ በማራገቢያ ማስገባት ይቻላል፤ ነገር ግን አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለል 20 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። በባሕር ወለል ልኬት የተመረጠ ማራገቢያ ያንኑ ሙቀት አያወጣም፤ በዚያው መጠን ከፍ ያለ መመረጥ አለበት።

ኢትዮጵያ ውስጥ ካርቦኑ ያለው ናፍጣው ውስጥ ነው

የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መስመር ከሞላ ጎደል በውኃ የሚንቀሳቀስ ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ከዚህ መስመር ላይ የተሰካ ጣቢያ ስኮፕ 2 ልቀቱ ከዜሮ ብዙም አይርቅም። ለጀርመን ወይም ለቻይና ኦፕሬተር ቀዳሚ የሆነው የታዳሽ ኃይል ግዢ እዚህ ቀዳሚ አይደለም። ቀዳሚው መብራት ሲጠፋ የሚነሳው ጄኔሬተርና መስመር ያልደረሰበት ማማ ነው። የውጭውን የድርጊት መርሐ ግብር ገልብጦ ማምጣት እዚህ ቦታውን ይስታል።

መስመር የሌለበትን ሳይት በቁጥር እንመልከት። አማካይ ጭነቱ 2 ኪሎዋት ነው፤ በቀን 48 ኪሎዋት ሰዓት። 15 ኬቪኤ (12 ኪሎዋት የሚሰጥ) ጄኔሬተር 24 ሰዓት ሲሠራ በሰዓት ወደ 2 ሊትር ናፍጣ ያቃጥላል። በዓመት 17,520 ሊትር ይሆናል፤ አንድ ሊትር ናፍጣ 2.68 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚለቅ በጠቅላላው ወደ 47 ቶን ነው። 12 ኪሎዋት መስጠት የሚችል ሞተር 2 ኪሎዋት ሲጎትት ከአንድ ሊትር ያገኘው 1 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ መሆኑን ልብ ይሏል። በሦስት አራተኛ ጭነት ቢሠራ ግን ከሊትሩ ከ3 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ያወጣል። በዝቅተኛ ጭነት የሚሠራ ሞተር ሌላም ችግር አለው፦ ስለማይሞቅ ነዳጁ በሙሉ አይቃጠልም፤ ጭስ ማውጫው በጥላሸትና በዘይት ይደፈናል፤ ከጊዜው ቀድሞ ጥገና ይጠይቃል።

ለዚህ መድኃኒቱ ፀሐይ ከመምጣቷም በፊት ባትሪ ነው። ጄኔሬተሩ በቀን ሁለት ጊዜ ለሦስት ሦስት ሰዓት በሦስት አራተኛ ጭነት፣ ማለትም ወደ 9 ኪሎዋት ገደማ፣ ይሠራል፤ ጣቢያውንም ባትሪውንም ይመግባል፤ በመካከሉ ዘጠኝ ዘጠኝ ሰዓት ባትሪው ይሸከማል። ዘጠኝ ሰዓት በ2 ኪሎዋት 18 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ባትሪው እስከ 80 በመቶ እንዲራገፍ ከተፈቀደ 48 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት የሆኑ አምስት የሊቲየም ሞጁሎች ይበቃሉ። ፍጆታው በቀን ወደ 17 ሊትር፣ በዓመት ወደ 6,200 ሊትር ይወርዳል፤ ልቀቱም ወደ 17 ቶን። አንድም ፓነል ሳይተከል ሁለት ሦስተኛው ቀነሰ።

ይህ የሚሠራው በሊቲየም ነው። በቀን ሁለት ጊዜ መሙላትና ማራገፍ በዓመት 730 ዙር ነው፤ የተለመደው የእርሳስ ባትሪ እንዲህ እየተራገፈ አንድ ዓመት አይዘልቅም፤ በሦስት ሰዓትም አይሞላም። ከፍታውም መታሰብ አለበት። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ 12 ኪሎዋት የተባለው ከ10 በታች ይሆናል። 9 ኪሎዋት ሲጎተትበት ያለማቋረጥ በአፍንጫው ጫፍ ይሠራል፤ ይሞቃል፤ ይጠፋል። በደጋ ወይ 20 ኬቪኤ ይመረጥ፣ ወይ የመሙያው ሰዓት ይርዘም።

ፀሐይ ሲጨመር ደግሞ 550 ዋት የሆኑ 12 ፓነሎች በቀን ወደ 25 ኪሎዋት ሰዓት፣ ማለትም የፍላጎቱን ግማሽ ይሰጣሉ፤ ጄኔሬተሩ በቀን ወደ 9 ሊትር ይወርዳል። ሙሉውን ለመሸፈን 24 ፓነል፣ ወደ 62 ካሬ ሜትር የፓነል ስፋት ያስፈልጋል፤ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ለተተከለ ማማ ይህ ቦታ አይገኝም። በክረምት የደጋው ፀሐይ ስለሚቀንስ ለሐምሌና ነሐሴ ጄኔሬተሩን ጨርሶ ማንሳት አይመከርም።

የፓነል አተካከል ላይ ተደጋግሞ የሚታይ ስሕተት አለ። የውጭ መመሪያ "ወደ ደቡብ 30 ዲግሪ አዘንብል" ይላል፤ ለአውሮፓ ትክክል ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ የቀትር ፀሐይ በስተሰሜን ናት። ወደ ደቡብ በጣም ያዘነበለ ፓነል ብርሃኑ በሚያንስበት በክረምቱ ፊቱን ከፀሐይ ያዞራል። 10 ዲግሪ ገደማ ይበቃል፤ ዝናብ አቧራውን እንዲያጥበው ብቻ ነው። በእነዚሁ ወራት የማማው ጥላ ወደ ደቡብ ስለሚወድቅ፣ ከማማው በስተደቡብ የተደረደሩ ፓነሎች ቀትር ላይ ይጋረዳሉ፤ በአንድ መስመር ከተያያዙት አንዱ ሲጋረድ ሌሎቹንም ይጎትታል።

መስመር ባለበት ሳይት ሥራው ከዚህም ይቀላል። መብራት በቀን ስድስት ሰዓት ቢጠፋ አራት የሊቲየም ሞጁል ያለ ጄኔሬተር ይሸከመዋል። ብዙ ቦታ ግን መቆጣጠሪያው የተሞላው "መብራት ሲጠፋ በሰከንዶች ውስጥ ጄኔሬተር ይነሳ" ተብሎ ነው፤ ባትሪው ሙሉ ሆኖ እያለ ናፍጣ ይነድዳል። ጄኔሬተሩ መነሳት ያለበት በባትሪው ደረጃ ነው። ሊቲየም ሲተከል ደግሞ በቮልቴጅ መወሰን አይቻልም፤ የሊቲየም ቮልቴጅ እስከ መጨረሻው ድረስ ብዙ አይወርድምና ዘግይቶ ይነሳል፤ ባትሪው ራሱ የሚልከውን የቀሪ ኃይል መቶኛ ማንበብ ይገባል። ሌላው የተደበቀ አባካኝ የቮልቴጅ መውረድ ነው። መስመሩ 160 ቮልት ሲሆን ከመስመር ወደ ጄኔሬተር የሚያሸጋግረው ማቀያየሪያ "መብራት የለም" ብሎ ጄኔሬተር ያስነሳል፤ ሬክቲፋየሩ ግን በዚያ ቮልቴጅ ጭነቱን ቀነስ አድርጎ ሊሠራ የተሠራ ነው። የማቀያየሪያውን ወሰን ማስፋት ብቻውን ብዙ ሰዓት ያተርፋል።

ይህን ሁሉ ለማወቅ በየሳይቱ ሦስት ነገር አብሮ መመዝገብ አለበት፦ የተቀዳው ሊትር፣ ጄኔሬተሩ የሠራበት ሰዓትና ያመነጨው ኪሎዋት ሰዓት። ሦስቱ ካልተጣጣሙ ወይ ሞተሩ ታሟል፣ ወይ ናፍጣው በሌላ በር ወጥቷል። በተገዛ ነዳጅ ደረሰኝ ብቻ የተሰላ የስኮፕ 1 ቁጥር ስርቆቱንም እንደ ጭስ ይቆጥራል።

ማማው የማን ነው?

በአፍሪካና በሕንድ በርካታ ኦፕሬተሮች ማማዎቻቸውን ለማማ ኩባንያዎች ሸጠዋል። ሽያጩ በተፈረመ ማግሥት የኦፕሬተሩ ናፍጣ ከስኮፕ 1 ወጥቶ ስኮፕ 3 ውስጥ ይገባል፤ ጄኔሬተሩ እዚያው ቆሞ እየጮኸ የኦፕሬተሩ የሥራ ልቀት ወረደ ይባላል። በሌላ በኩል ማማ መጋራት እውነተኛ ጥቅም አለው። 2 ኪሎዋት ይጎትት የነበረ ጄኔሬተር ሁለተኛ ተከራይ መጥቶ 4 ኪሎዋት ቢጎትት የሰዓት ፍጆታው በጥቂቱ ብቻ ይጨምራል፤ ሁለተኛ ማማ ከሁለተኛ ጄኔሬተር ጋር ቢተከል ግን በእጥፍ ይሆናል። ሁለት ኦፕሬተሮች ባሏት ኢትዮጵያ ይህ ትልቅ ዕድል ነው።

በአፍሪካ ትልቁ የማማ ኩባንያ አይ.ኤች.ኤስ በ2022 ሳይቶቹን ከመስመር፣ ከባትሪና ከፀሐይ ጋር ለማገናኘት እስከ 2024 ድረስ 214 ሚሊዮን ዶላር መድቦ ነበር፤ ግቡም በ2030 ልቀቱን ከ2021 ጋር ሲነጻጸር ወደ ግማሽ ማውረድ ነው። ይሁንና ግቡ የተለካው በኪሎዋት ሰዓት እንጂ በጠቅላላ ቶን አይደለም። ሳይት በበዛ ቁጥር ጠቅላላው ቢያድግም ግቡ ሊሳካ ይችላል።

ሕንድ በ2012 በመንግሥት መመሪያ ሞክራዋለች፦ በ2015 ከገጠር ማማዎች 50 በመቶ፣ ከከተማዎቹ 20 በመቶ በከፊል በታዳሽ ኃይል እንዲሠሩ፤ በ2020 ደግሞ 75 እና 33 በመቶ እንዲደርሱ ታዘዘ። ትእዛዙ የማማዎቹን መቶኛ ቆጠረ እንጂ ናፍጣውን ማን እንደሚከፍል አልነካም። በማማ ኪራይ ውል ውስጥ የነዳጅ ወጪው እንዳለ ወደ ኦፕሬተሩ የሚተላለፍ ከሆነ፣ የማማው ባለቤት ለባትሪ ገንዘቡን አውጥቶ ሊትሩ ሲቀንስ ትርፉ የተከራዩ ነው፤ ስለዚህ አያወጣም። ኪራዩ ለኃይል ቁርጥ ዋጋ ከያዘ ግን እያንዳንዱ የተረፈ ሊትር የባለቤቱ ትርፍ ስለሆነ ባትሪው ራሱን ይከፍላል። በቁርጥ ውል ደግሞ ተከራዩ መሣሪያውን ለማስተኛት አይነሳሳም፤ ቢበላም ባይበላም ዋጋው አንድ ነውና። ሁለቱንም ወገን የሚያንቀሳቅሰው አሠራር በተከራዩ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ መስመር ላይ የራሱን ቆጣሪ አስሮ በኪሎዋት ሰዓት ቁርጥ ዋጋ መዋዋል ነው፦ ተከራዩ የበላውን ይከፍላል፤ ባለቤቱ ያንን ኪሎዋት ሰዓት በጥቂት ናፍጣ ባመነጨ ቁጥር ያተርፋል። ቆጣሪው ዋጋው ከአንድ የሊቲየም ሞጁል እጅግ ያነሰ ነው፤ አዲስ ውል በሚፈረምበት ዕለት ካልታሰረ ግን እስከሚቀጥለው የውል ዘመን ማንም አያስረውም።